ኩይሳ ያልነው ጉድጓድ

ጁባ የምንኖር ሐበሾች ሥራችን ከሩቅ ይታወቃል። ሆቴል ያለው ሆቴሉ ውስጥ፣ ምግብ ቤት ያላት ምግብ ቤቷ ውስጥ፣ ጁባ ታውን በሚባለው ሰፈር ዱቄትና ዘይት በጅምላ የሚያከፋፍለውም መጋዘኑ በር ላይ ይገኛል። እኔ ግን ምን እንደምሠራ ማስረዳት ሁልጊዜ ይቸግረኝ ነበር። «ከአውሮፕላን የተነሳ ፎቶ አነባለሁ» ስላቸው «ፎቶ ቤት ከፍተሻል ማለት ነው?» ይሉኛል። ምሳ የምበላበት ቤት ባለቤት አንድ ቀን ጸጉሯን ተሠርታ፣ የክት ልብሷን ለብሳ፣ የፓስፖርት ፎቶ እንዳነሳት ቢሮዬ ድረስ መጣች። መመለሱ አሳፈረኝና ባለን ካሜራ አነሳኋት። ፎቶው አማረላት፤ ከዚያ ወዲህ ሽሮዬ ላይ ቅቤ ጎድሎብኝ አያውቅም።

የእኔ ሙያ ግን ሌላ ነው። አዲስ አበባ ካርታ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከወጣትነቴ ጀምሮ ጠረጴዛ ላይ ተጎንብሼ ከላይ የተነሳ መሬት ሳይ ነው የኖርኩት። ሌላው ሰው ግራጫ ወረቀት የሚያይበት ቦታ እኔ የደረቀ ጅረት፣ የፈረሰ አጥር፣ ከብት የሚሄድበት መንገድ አያለሁ። ይህንን ስናገር ጉራ ይመስልብኛል፤ ይምሰል። በእጄ ላይ ያለ አንድ ሙያ ይሄ ነው፤ አውቀዋለሁም።

ወደ ጁባ የመጣሁት የሱዳን ሰላም ከተፈረመ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። የቀጠረኝ ድርጅት ጉዴሌ ከሚባለው ሰፈር ወዲያ በምዕራብ በኩል ያለውን ባዶ መሬት ከአየር ፎቶ አንስቶ ካርታ እንዲሠራ ኮንትራት ወስዶ ነበር። መሬቱ ለነዋሪዎችና ከስደት ለሚመለሱ ሰዎች መኖሪያ ሊታደል ነው። እንደ ጁባ ነገር ሁሉ ካርታው ከመሠራቱ በፊት ችካል ተተክሎ ቦታው ታድሏል፣ ሰውም አጥሯል። ቤት መሥራት የሚፈቀደው ግን ካርታው ሲጸድቅ ነው። የእኛ ድርሻ ፎቶውን አንብቦ ጅረቱን፣ ድንጋዩን፣ መቃብሩን፣ ኩይሳውን መለየትና ቤት የማይሠራበትን ቦታ ማመልከት ነበር።

ቢሯችን ቶንፒንግ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር የተቀመጡ ሁለት ኮንቴይነሮች ነበር። አውሮፕላን በተነሳ ቁጥር የሻይ ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጣል። አለቃችን ብዙ ዘመን ናይሮቢ የሠሩ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ቀያሽ ናቸው፤ ቁጡ ቢሆኑም ሰው ያዳምጣሉ። ከእኔ ጋር ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ካርታ ነዳፊ አለ። አራተኛው ሰው፣ ሾፌራችንም፣ የመስክ ሠራተኛችንም፣ ከአካባቢው ሰው ጋር አስታራቂያችንም የሆነው ወዳጄ ነው።

እሱ የአገሩ ልጅ ነው፤ ግን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ፣ ጋምቤላ ካምፕ አድጎ፣ አዲስ አበባ ተምሮ የተመለሰ። ቁመቱ የመኪናውን ጣሪያ ስለሚነካ አንገቱን ሰብሮ ነው የሚነዳው። አማርኛው የሰፈር ልጅ አማርኛ ነበር፤ እኔ የማላውቃቸውን የአራዳ ቃላት ሳይቀር ያውቃል። እናቱ ገና ካምፕ ናቸው። እሱ ደግሞ ከታደለው መሬት አንድ ቦታ ደርሶት በቀርከሃ አጥሮ፣ ብሎኬት አስደርድሮ፣ ፈቃዱን ብቻ ይጠብቅ ነበር። መኪና ውስጥ የምናወራው ስለዚያ ቤት ነው። መስኮቱ በየት በኩል ይሁን? ቆርቆሮው ምን ያህል ይውጣ?

«እናቴ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችኝ» ይለኛል፣ «የሲሚንቶ ወለል። በሕይወቷ ሙሉ አፈር ጠርጋ ጠርጋ ሰልችቷታል።»

ፎቶው መነሳት የነበረበት በበጋ ነበር። አውሮፕላኑ ዘገየና ዝናቡ ቀደመን። በመጨረሻ በግንቦት፣ ሌሊቱን ዘንቦ ሰማዩ በተጠረገበት አንድ ጠዋት ተነሳን። ትንሽ አውሮፕላን ናት፤ ወለሏ ተቀዶ ካሜራው ወደ ታች እንዲያይ ተደርጎ ተገጥሟል። እኔ ካሜራው አጠገብ ተቀምጬ መሥራቱን እከታተላለሁ። አብራሪው ለማንኛውም ብሎ የወረቀት ከረጢት ሰጠኝ፤ ሳልጠቀምበት መለስኩለት። ነጭ ዓባይ በስተምሥራቅ ሰፊና ቡናማ ሆኖ ይታያል፣ የጉዴሌ ቆርቆሮዎች ያብለጨልጫሉ፣ ከዚያ ወዲያ አረንጓዴ ሜዳ ነው። ስንት ዓመት በወረቀት ላይ ያየሁትን ሥራ በዓይኔ ከላይ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። በዚያ ጫጫታ ውስጥ ማንም ስለማይሰማኝ ጮክ ብዬ ዘፈንኩ።

ፎቶዎቹ ታትመው፣ አንዱ ካንዱ ተገጣጥሞ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። እዚህ ላይ የሙያችንን አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። ከላይ በተነሳ ፎቶ ጉብታና ጉድጓድ የሚለየው በጥላ ነው። ዓይናችን ብርሃን ከበላይ ይመጣል ብሎ ስለለመደ፣ ጥላው ወደ ራሳችን ካልወደቀ ነገሩ ይገለበጥብናል፤ ጉድጓዱ ጉብታ፣ ጉብታው ጉድጓድ ይመስላል። ማመን ያልፈለገ የወጥ ሳህን በመስኮት አጠገብ ፎቶ አንስቶ ይዘቅዝቀው። አዲስ አበባ ፎቶ የሚነሳው ሁልጊዜ በበጋ፣ ፀሐይ በደቡብ በኩል ስትሆን ነው። ስለዚህ የእኛ ቤት ሰው ሁሉ ፎቶ ሲሰጠው ሳያስብ የደቡቡን ጠርዝ ወደ ላይ አዙሮ ያስቀምጣል። ይህ ልማድ ከእጃችን ጋር አብሮ ያደገ ነው። እኔና ነዳፊያችንም የጁባን ፎቶ እንደለመድነው ዘቅዝቀን ዘረጋነው። አለቃችንም መጥተው ከእኛ ጎን ቆመው አዩ።

ሜዳው ላይ ትንንሽ ክብ ጉብታዎች በዝተው ነበር፤ አልፎ አልፎ የሚታየውን ጎድጓዳ ኩሬ ብለን አለፍነው። ጉብታዎቹን ኩይሳ አልናቸው፤ ምስጥ በሞላበት አገር ሌላ ምን ይባላል? ለማጣራት ወርደን አንድ ሁለት ኩይሳ አየን፤ ወዳጄ አንዱ አጠገብ ቆሞ ቁመቱን ተለካካ፣ ኩይሳው በለጠው፣ ሳቅን፣ ተመለስን። ካርታው ላይ «ኩይሳ» ተብሎ ተጻፈ። ኩይሳ ተንዶ ቤት ሊሠራበት ስለሚችል ማንንም አያሰጋም።

ካርታው ሊጸድቅ ሲቃረብ አንድ ቀን ወዳጄን ላስደስተው ብዬ የእሱን ቦታ ፎቶው ላይ ፈለግኩለት። አጥሩን አገኘሁ። ብሎኬቱን ፈለግኩ። ብሎኬቱ በተደረደረበት ቦታ ላይ አራት ማዕዘን ጉድጓድ ነው የሚታየው። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አየሁ። የሰው ልጅ ብሎኬት ወደ ታች ሊደረድር አይችልም። የዛፎቹን ጥላ ተመለከትኩ፤ ወደ እኔ ሳይሆን ከእኔ ወዲያ ነው የወደቀው። በግንቦት የጁባ ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፤ እኛ ግን የአዲስ አበባን የኅዳር ፀሐይ ይዘን መጥተናል።

ትልቁን ወረቀት ብቻዬን አዙሬ ሰሜኑን ወደ ላይ አደረግኩት። ብሎኬቱ ብድግ አለ። ኩሬ ያልናቸው ኩይሳ ሆኑ። ኩይሳ ያልናቸው በሙሉ ወደ መሬት ሰመጡ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ስቴሪዮስኮፑን አወጣሁ፤ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አስቀምጠው በሁለት ሌንስ ሲያዩት መሬቱን ከነከፍታው የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ፎቶዎቹን ሁለት በሁለት እያደረግኩ ስመለከት አልተሳሳትኩም፤ ጎድጓዳ ናቸው። ጥልቀታቸው እስከ ጉልበት ቢሆን ነው። ግን በእያንዳንዱ ጎን፣ በቁልቁለቱ በኩል፣ የጨረቃ ቅርጽ ያለው የአፈር ቁልል አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንዱ ከሌላው ተከታትለው፣ ነጭ ድንጋይ በሚታይበት መስመር ላይ ተሰልፈዋል። ምስጥ ያገኘበት ይሠራል እንጂ አይሰለፍም። ተሰልፎ የሚቆፍር ሰው ነው፤ ሰው ነጭ ድንጋይ ተከትሎ የሚቆፍረውም ወርቅ ፍለጋ ነው። አሮጌ የወርቅ ጉድጓዶች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸውን በቀይ እርሳስ አከበብኳቸው። ከመስመሩ አንዱ የወዳጄ አጥር ውስጥ ገብቷል።

ያን ቀን የተሰማኝን አልደብቅም። ፍርሃት ነበረኝ፣ ከፍርሃቱ በላይ ግን ኩራት። ማንም ሰው ሲረግጠው ኖሮ ያላየውን እኔ በወረቀት ላይ አየሁት።

አለቃችን ወረቀቱን አዙረው እስኪያዩ ድረስ ፊታቸው አልተለወጠም። ካዩ በኋላ ስለ ፀሐይዋ ወዲያው አመኑ።

«ልክ ነሽ» አሉኝ። «ግን ያሳየሽኝ ጉልበት የማይሞላ ስርጉድ ነው። ከብት የሚንከባለልበት ሊሆን ይችላል፣ ውኃ የበላው ሊሆን ይችላል። ካርታውን ካቆምኩት ይሄ ሁሉ ሰው ሌላ ክረምት ሸራ ሥር ነው የሚያሳልፈው። በእጄ የምይዘው ነገር አምጪልኝ።»

አልፈረድኩባቸውም። ወጥቼ ለወዳጄ ነገርኩት፤ ከሌላ ሰው እንዲሰማው አልፈለግኩም። መኪናው ላይ ተደግፎ ሻይ ይጠጣ ነበር።

«ቦታህ ውስጥ ጉድጓድ አለ» አልኩት።

«ቦታዬ ውስጥ ያለው ብሎኬት ነው።»

«ከብሎኬቱ አጠገብ። የድሮ የወርቅ ጉድጓድ ይመስለኛል።»

«ስንት ጊዜ ሄጃለሁ እኮ እዚያ! ሣር ነው ያለው። ሣሩ ላይ ተኝቼበታለሁ።» ብርጭቆውን ኮፈኑ ላይ አስቀመጠ። «ስሚ እህቴ። እናቴ እዚያ ሆና ቀን እየቆጠረች ነው። ካርታው ከቆመ እኔ ኸላስ፣ አለቀልኝ፤ ወረፋው መጨረሻ ነኝ። አንዷን ክብ ብታጠፊያት ማን ያውቃል?»

«እኔ።»

«አንቺ ደግሞ ከሩቅ አገር መጥተሽ የኔን መሬት ልታስተምሪኝ ነው» አለኝና በሩን ዘግቶ ሞተር አስነሳ።

ከዚያ ወዲህ ሬዲዮውን ጮክ አድርጎ እየነዳ ዝም ይለኝ ጀመር። ሰላምታው «ኬፍ» ብቻ ሆነች፣ መልሴንም አይጠብቅም። ነዳፊያችን በመሃል ገብቶ ለማስታረቅ ሞከረ፤ እኔም አኮረፍኩ። ክቧን ግን አላጠፋኋትም። በየቀኑ ስገባ ወረቀቱን አይቼ በቀይ እርሳስ ደገም አደርጋት ነበር፤ እልኸኛ ነኝ።

አንድ ጠዋት ራሱ መጣ። «ድጅኖ ይዣለሁ» አለኝ። «ነይ፣ መሬቱ ድንጋይ መሆኑን ላሳይሽና ይሄን ወሬ እንዝጋው።»

«ገመድም ያዝ።»

«ገመድ ለምን?»

«ካልያዝክ ቦታውን አላሳይህም።»

ሳቀብኝ፤ ከተኳረፍን ወዲህ የመጀመሪያ ሳቁ ነበር። ጉዴሌ መንገድ ጭቃ ሆኖ መኪናው እየዋለለ ደረስን። ከአጥሩ ጥግ ጀምሬ በሜትር ለካሁ። ቦታው ላይ ምንም የለም። ሣር ነው፣ ትንሽ ጎድጎድ ያለና ከሌላው አረንጓዴው ደመቅ ያለ ሣር፤ ሳይነገረው ማንም አያስተውለውም። ለአፍታ እኔም ተጠራጠርኩ። ገመዱን በወገቡ ዙሪያ አሰርኩለት፣ ሌላውን ጫፍ ከመኪናው ጋር። እንደ በሬ ጠመድሽኝ እያለ አፌዘብኝ።

ድጅኖውን አንስቶ መታ። መሬቱ ጠንካራ ነው። ወደ ፊት አንድ እርምጃ ሄዶ ደግሞ መታ፣ አሁንም ጠንካራ ነው፤ ዞር ብሎ «አየሽ?» በሚል ዓይን አየኝ። «ወደ መሃል» አልኩት። መሃሉን ሲመታው ድምፁ ተለወጠ፤ ባዶ ሳጥን የመታ ይመስላል። ያንን እንዳልሰማ ሆኖ ድጅኖውን ከፍ አድርጎ በሙሉ ኃይሉ አሳረፈው። ድጅኖው ከእጁ አመለጠ። መሬቱ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ቆይቶ፣ ከታች፣ ከሩቅ፣ ውኃ ሲመታ ሰማነው።

«አትንቀሳቀስ» አልኩት። «ተኛና በደረትህ ና።»

ያ ሁሉ ቁመት መሬት ላይ ተዘርግቶ እየዳኸ ሲመጣ፣ እኔ ገመዱን እየሳብኩ እንባዬ ይወርድ ነበር። ከዚያ ጠንካራው መሬት ባለበት በኩል ወደ ጉድጓዱ አፍ ተጠግተን፣ ተኝተን አየን። አፈሩ ቀጭን ነው፣ ከሥሩ ግንዶች ጎን ለጎን ተረብርበዋል፤ ምስጥ ውስጣቸውን በልቶ ቅርፊታቸውን ትቶታል። ከግንዶቹ ሥር ጨለማ ነው።

ወዳጄ «መኝታ ቤቷ እዚህ ጋ ነበር» አለ።

አለቃችን በዚያው ዕለት መጥተው አዩ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ካርታውንም አስቆሙ። ከአካባቢው ሽማግሌዎች አንዱ ተጠይቀው ነገሩን አስረዱን። ከጦርነቱ በፊት በበጋ ወርቅ ይቆፈር ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ ከብት እንዳይገባበት አፉን በግንድና በአፈር ከድነው ይሄዳሉ፣ በበጋው መልሰው ይከፍቱታል። አንድ ዓመት ከድነው ሄዱና ጦርነቱ መጣ፤ የሚከፍት ሰው አልተመለሰም። እኔ በቀይ እርሳስ ያከበብኩትን መስመር ተከትለን በጥንቃቄ ስንፈትሽ ከጥቂቶቹ በስተቀር የሁሉም ሥር ባዶ ጉድጓድ ነበር።

ቦታ የደረሳቸው ሰዎች ግን ተቆጡ። ማንስ አይቆጣም? ያጠሩት አጥር፣ ያሰቡት ቤት በአንድ ቀን ሲሰረዝ። ዛፍ ሥር ተሰብስበው ከተማ ያሉ ሰዎች መሬቱን ሊሸጡት ነው፣ ጉድጓዱ ሰበብ ነው እያሉ ጮሁ። አለቃችን በእንግሊዝኛ ቢያስረዱ ማን ይስማቸው። ያኔ ወዳጄ ተነሳ። በጁባ ዓረብኛ ነው የተናገረው፤ በገባኝ መጠን፣ «ከሁላችሁ ቀድሞ የሚነቀለው የእኔ አጥር ነው። ብሎኬቴን እዩት። የማያምን ይምጣ፣ ገመዱን እኔ እይዝለታለሁ» አላቸው። ከዚያ ሄዶ የገዛ አጥሩን ቀርከሃ አንድ በአንድ ይነቅል ጀመር። ጩኸቱ ቀዘቀዘ። ቆይቶ አንድ ሰውዬ ሄዶ አገዘው፣ ከዚያ ሌላው። ጉድጓዱን ባገኘሁ ቀን ኮርቼ ነበር፤ በእሱ ግን ከዚያ የበለጠ ኮራሁ።

አዲሱ ካርታ ሲወጣ ያ መሬት ባዶ ሜዳ ተብሎ ተተወ። የእኔ ስም የትም የለበትም፤ ካርታ ላይ የድርጅት ስም ነው የሚጻፈው። አንድ ቅጂ ጠይቄ ወሰድኩ፣ እስከ ዛሬ አለኝ። ሰዎቹ በሌላ ወገን ምትክ ቦታ ተሰጣቸው። ወዳጄም ወረፋውን ጠብቆ ራቅ ያለች፣ ጠበብ ያለች ቦታ ደረሰችውና አንድ ክፍል ሠራ፤ ወለሉን ሲሚንቶ አደረገው።

እናቱ የመጡት ለደቡብ ሱዳን ነጻነት ድምፅ ሊሰጥ ጥቂት ሲቀረው፣ ተመላሾች እየጎረፉ በገቡበት በጋ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጋምቤላ ገበያ የለመዱትን አማርኛ ጥቂት የሚናገሩ ሴት ናቸው። ወለሉን በባዶ እግራቸው ረግጠው ጥሩ ነው አሉ። ከዚያ ልጃቸው ታሪኩን ሲነግራቸው አቋረጡትና «መጀመሪያ ያጠርክበትን አሳየኝ» አሉት። ወደ እኔም ዞረው «አንቺም ነይ» አሉኝ።

ሦስታችን ሄድን። ሌሎቹ ጉድጓዶች ተሞልተዋል፤ የእሱ ጥልቅ ስለሆነ ዙሪያው በሽቦ ታጥሮ አፈር የሚያመጣ መኪና ይጠብቅ ነበር። በመንገዱ ላይ ወዳጄ ከዚያ በፊት ነግሮኝ የማያውቀውን ነገረኝ። እናቱ ወደ ኢትዮጵያ ሲሰደዱ የወጡት ከሦስት ልጆች ጋር ነው፤ የደረሱት ከእሱ ጋር ብቻ ነው።

እናቱ ሽቦው ጋ ሲደርሱ ድንጋይ አነሱና ወረወሩ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። ድምፁ እስኪመጣ ቆየ። እኔ ምርቃት ወይም ልቅሶ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ልጃቸው ሄደው ከኋላው በኩል ቀበቶውን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ ገና መራመድ የጀመረ ሕፃን እንደሚያዝ። እሱ አፍሮ «እማ፣ ሰው ያየናል» አላቸው። አልሰሙትም። ወደ መኪናው ስንመለስ ያ ግዙፍ ሰው ጎበጥ ብሎ፣ በትንንሽ እርምጃ፣ እናቱ በያዙት ልክ እየሄደ ነበር፤ እሱ መሪው ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ቀበቶውን አልለቀቁም።